ቆሞ የሚበላ ፓንኬክ

ውድ እታለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በምን ሁኔታ ያገኝሽ ይሆን? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ መሃል ላይ ያስቆምሻል? ባለቤትሽስ፣ ያ ትዕግሥተኛ ሰው፣ ደህና ነው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን ጨረሰች? ትንሹስ ሳሉ ተወው? እኔ ደህና ነኝ። አባባም አጠገቤ ባለው ክፍል ጋደም ብለዋል፤ ትንፋሻቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ስለ እሳቸው ጤና ከዚህ በላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ስለማልችል የቀረውን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ፤ እባክሽ መጨረሻውን ቀድመሽ አትመልከቺ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስገርምሽ አውቃለሁ። ከትናንት በስቲያ ዓርብ ሁለት ጊዜ ደውለሽ አላነሣሁም። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ፊት ለፊቱ ቆሜ እያየሁት ነበር። አሁንም የምጽፈው በቁርጥራጭ ነው። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ አባባን አያለሁ፣ የዘጋሁትን መስኮት እከፍታለሁ፣ የከፈትኩትን እዘጋለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። መቀመጥ ካቃተኝ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ እንኳ ቆሜ እሄዳለሁ። በመሥሪያ ቤት «እግርሽ ሥር እሳት አንድደውብሻል እንዴ» ይሉኛል።

አንቺ የምታውቂውንም ቢሆን ከሥሩ ልጀምር። አባባ በሳንባ ምች ተኝተው ከሆስፒታል ሲወጡ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ነበሩ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ድርሻውን እንደጨረሰ፣ የቀረው የምግብ ድርሻ እንደሆነ ነገረን። ምግብ ግን እምቢ አላቸው። በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎም አንድ ኪሎም ሲቀንሱ በስልክ ተነጋግረን አንድ ውል ገባን፤ ቃል በቃል ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬዋለሁ፦ ክብደታቸው ከሃምሳ ኪሎ በታች የወረደ ዕለት፣ እኔ ሳልከራከር፣ አባባ አንቺ ዘንድ ይመጣሉ። ምክንያቱ ትክክል ነበር። አንቺ ቀኑን ሙሉ ቤት ትውያለሽ፣ ሆስፒታሉም በእግር የሚደረስ ነው። እኔ ጠዋት ወጥቼ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ፤ በመካከሉ ብቅ እያለች የምታያቸው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ መዝኜ ቁጥሩን እንድነግርሽ ተስማማን።

ሚዛኑ መኝታ ቤታቸው ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ነው። እንደገዛሁት ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ባመጣሁት፣ ክብደቱ በትክክል በሚታወቅ የሙከራ ብረት ፈትሼዋለሁ። ሁለት መቶ ግራም ያህል ሊስት ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይስትም። ይህን የምነግርሽ ከዚህ በታች ለምታነቢው ነገር በሚዛኑ እንዳታመካኚልኝ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት በነበረው ዓርብ አባባ ሚዛኑ ላይ ቆሙ። አርባ ዘጠኝ ነጥብ አንድ አነበብኩ። አወረድኳቸው፣ ሚዛኑ ዜሮ እስኪል ጠበቅሁ፣ እንደገና አወጣኋቸው። አርባ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ከዚያ አንቺ ደወልሽ፤ «ስንት ሆኑ?» አልሽኝ። «ሃምሳ ነጥብ አራት» አልኩሽ።

እታለም፣ በውኃ ላቦራቶሪ ውስጥ ዐሥራ ሦስት ዓመት ስሠራ አንድም ቁጥር ለውጬ አላውቅም። አንድ ጊዜ አንድ የቀድሞ አለቃዬ የአንዲትን ጉድጓድ ውጤት «እስቲ ትንሽ አለስልሺው» ቢሉኝ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬላቸው ወጥቻለሁ። ለአንቺ ግን ቁጥሩን ስለውጥ አልተንተባተብኩም እንኳ። ለራሴ የሰጠሁት ሰበብ ይህ ነው፦ ውሸቱ የሚቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ አባባን አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም አስጨምሬ የተናገርኩትን ቁጥር እውነት አደርገዋለሁ። አስቀድሞ ለተጻፈ ውጤት ናሙና ማበጀት ማለት ነው። ሥራ የማለማምዳት ልጅ ይህን ብታደርግ ያኑ ዕለት አሰናብታት ነበር።

ከዚያች ዓርብ ወዲህ እንዴት እንደዋልኩ ልነግርሽ አልችልም። ሾርባ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የተፈጨ ሥጋ፣ የበሰለ ፍራፍሬ በየሰዓቱ አቀርባለሁ። ከሕመሙ ወዲህ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማንኪያውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ልብሳቸው እንዳይነካ ደረታቸው ላይ ፎጣ አነጥፋለሁ። ሁለት ማንኪያ ይወስዱና «በቃኝ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በሦስተኛው ማንኪያ ከለመንኳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚናገሩት ክፉ ቃል የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሰኞው ጠዋት ሾርባ ይዤ ስገባ በመስኮት የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ያያሉ። «ይኼኔ ቶሎ መጥበሻው ላይ ስንቱን ገልብጦት ነበር» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ። ጋሽ ቶሎን ታስታውሺያቸዋለሽ። አባባ ከባድ መኪና በሚነዱበት ዘመን በየጉዟቸው ማለዳ የሚቆሙበት የመንገድ ዳር ቁርስ ቤት ባለቤትና ምግብ ሠሪ ናቸው፤ ከአፋቸው ሌላ ቃል ስለማይሰማ ሹፌሮቹ ስማቸውን «ቶሎ» አደረጉት። አልፎ አልፎ አባባ ከእሳቸው ቤት በወረቀት የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ፓንኬክ ያመጡልን ነበር፤ አንቺ ጠርዙን ስትፈልጊ እኔ መሃሉን። «ፓንኬክ ቢሠራልዎ ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ «የእሱ ዓይነት ከሆነ እሞክረዋለሁ» አሉ። ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ በአፋቸው የጠሩት የመጀመሪያው ምግብ ነው። ሾርባውን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

የጋሽ ቶሎን ስልክ ከአባባ የቆየ ደብተር ውስጥ አገኘሁ። ቁርስ ቤቱ ተዘግቷል፤ እሳቸው ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ማንነቴን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ አሠራሩን ግን በአንድ ትንፋሽ ነው የነገሩኝ። «ሁለት ዱቄት፣ ሁለት ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ ቤኪንግ ፓውደር አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳር እፍኝ የማይሞላ፣ ጨው ቆንጠር፣ የቀለጠ ቅቤ። ወተቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርገሽ ትንሽ አቆዪው። በቃ፣ ቶሎ በይ።» እኔም ቶሎ አልኩ። በላቦራቶሪያችን ለአዲስ ገቢ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምናገረው አንድ ነገር አለኝ፦ በምን እንደተለካ ያልተጻፈ ቁጥር ቁጥር አይደለም። «ሁለት ምን?» ብዬ አለመጠየቄን ያወቅሁት ሊጡ መጥበሻው ላይ እንደ ውኃ ከዳር እስከ ዳር ሲፈስ ነው። ዱቄቱንም ወተቱንም በአንድ ዓይነት መለኪያ ሰፍሬ ነበር።

ዱቄት ጨመርኩበት። አሁን ደግሞ ተጓጎለ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት የሚሠራ ሰው ከእኔ ሙያ ውጭ ያለ አይመስለኝም። እኛ የውኃ ጠርሙስ ከመክፈታችን በፊት ሃያ አምስት ጊዜ እንነቀንቀዋለን፤ ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ውጤቱ አይታመንም። እጄ ይህን ስለለመደ ሊጡን አንዲት ጓል እስክትጠፋ መታሁት። መልኩ እንደ ቀለም ለስላሳ ሆነ፤ ደስ አለኝ። የወጣው ነገር ግን ጠፍጣፋ፣ ሲጎትቱት የሚለጠጥ፣ ሲለቁት የሚመለስ ሆነ። ምክንያቱን በትምህርት አውቀዋለሁ፤ ሊጥ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል። ግን ያወቁትን ነገር እጅ ሁልጊዜ አይሰማም።

ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገብታ ሳህኑ ላይ የተከመረውን አየች። አንዱን አንሥታ በሁለት እጇ ወጠረችው። «ይኼ ለኮት ትከሻ ይሆነኛል» አለች፤ «ሁለት ሁለት አድርገሽ ሥሪልኝ፣ ግራና ቀኝ።» አባባ ከአልጋቸው ሆነው ሰሙና ፈገግ አሉ። ፓንኬኩን ግን ቆርሼ በሹካ ሳጎርሳቸው ከአንድ ጉርሻ አላለፉም። «የእሱ አይደለም» አሉ በትሕትና፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ።

በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ቁጥር ሰጥቼ የዱቄቱን ግራም፣ የእሳቱን ልክ፣ የተገለበጠበትን ደቂቃ ጻፍኩ። ከሥራ ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ መጥበሻውን እጥዳለሁ። መሥሪያ ቤት ናሙና ፊቴ አስቀምጬ ስለ አረፋ አስባለሁ። አንድ ቀን የውጤት ቅጽ ላይ የጉድጓዱ ቁጥር መግባት ያለበት ቦታ «የወተቱ መጠን» ብዬ ጽፌ ቅጹን ቀድጄ ጣልኩት። በዓርቡ አባባ አርባ ስምንት ነጥብ ስድስት ሆኑ። አንቺ ደወልሽ። «ሃምሳ ነጥብ ሦስት» አልኩሽ። «ጎሽ፣ ይዘሻቸዋል ማለት ነው» አልሽኝ፤ ያ «ጎሽ» ያንቺ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ መጥበሻዬን፣ መምቻዬን፣ አንድ የመለኪያ ብርጭቆና ደብተሬን በከረጢት ይዤ በሁለት አውቶቡስ ጋሽ ቶሎ ዘንድ ሄድኩ። ከሰማንያ ያለፉ፣ ቀጭን፣ መቀመጥ የማይወዱ ሰው ናቸው። ከረጢቴን ሲያዩ «ልትመረምሪኝ ነው የመጣሽው?» አሉ። ወጥ ቤት ገባንና ጥያቄዬን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለት ዱቄት ያሉኝ በምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁ ያህል አዩኝ። «በኩባያዬ ነዋ» ብለው ጎኑ የጎደጎደ የቆርቆሮ ኩባያ አወጡ። «ወተቱስ?» አልኩ። «በሻይ ብርጭቆ። ወተት በኩባያ የሚሰፍር ሰው የት አይተሻል?» ሁለቱንም ውኃ ሞልቼ ለካሁ፤ ኩባያው ሦስት መቶ፣ ብርጭቆው ሁለት መቶ አርባ ሚሊ ሊትር ሆነ። ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሰው እያዩ «አርባ ዓመት ስሠራበት ቁጥር እንዳለው አላውቅም ነበር» አሉ።

ከዚያ «በይ ምቺ፣ ልይሽ» አሉኝ። መታሁ። ዐሥር ጊዜ ሳልመታ መምቻውን ከእጄ ነጠቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ሊጥ ምን በድሎሽ ነው?» አሉ። «ጓሉ አልሟሟም» አልኳቸው። «ምን አገባሽ? እሳቱ ይጨርሰዋል። ደረቁ ዱቄት ከዓይንሽ ሲጠፋ እጅሽን ሰብስቢ። ከዚያ ዐሥር ደቂቃ ሂጂ፣ ሌላ ሥራ ሥሪ፣ አትንኪው።» ዐሥር ደቂቃ ምንም ሳልነካ መቆም ለእኔ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ሁለት ጊዜ ወደ ሳህኑ ስጠጋ ሁለት ጊዜ በመገልበጫው ጀርባ እጄን መቱኝ።

ቀሪውንም አሳዩኝ። መጥበሻው ላይ የውኃ ጠብታ ሲረጩበት እየዘለለ ከሸሸ እሳቱ ደርሷል ማለት ነው። አንድ ጭልፋ ይፈሳል፤ ከዚያ በኋላ በማንኪያ አያስተካክሉትም። አረፋው ፈንድቶ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ሲቀር አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል፤ ከላይ አይጫኑትም። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይበላሻል፤ «እሱ የመጥበሻው ነው» አሉ። ሁለተኛው ወጣ፤ ጣት የሚያህል ወፍራም፣ ዳሩ ወርቃማ፣ መሃሉ እንደ ጥጥ። ቆሜ በላሁት። እታለም፣ ልክ ያ ነው። የልጅነታችን ነው፣ ያውም ትኩሱ።

ደብተሬን ዘግቼ ለመሄድ ስነሣ ጋሽ ቶሎ እንዲያው ለወሬ ያህል «ለመሆኑ እሱ እንዴት አድርጎ ነው የሚበላው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ትራስ ደግፌ አስቀምጬ፣ ፎጣ አንጥፌ፣ እየቆረስኩ በሹካ እንደማጎርሳቸው። መገልበጫውን አስቀመጡት። «አባትሽን?» አሉ። «በፎጣ?» ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፤ «አባትሽ ሠላሳ ዓመት እኔ ቤት ሲመጣ አንድም ቀን ወንበር ይዞ አያውቅም። ሞተሩን እንኳ አያጠፋም ነበር። በወረቀት ጠቅልዬ አቀብለዋለሁ፣ ከጎማው አጠገብ ቆሞ መንገዱን እያየ ይጨርሳል፣ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ይሄዳል። ወንበር የያዘ ሹፌር ጡረታ ወጣ ማለት ነው እንባባል ነበር። አንቺ ታዲያ ጭራሽ እንደ ሕፃን ታጎርሺዋለሽ።» ወረቀቱን እኮ እኔ ለእኛ ለማምጣት የሚጠቀለልበት ነው ብዬ አስብ ነበር።

ለሹፌሮች የሚሠራው ደግሞ ከሌላው እንደሚለይ ነገሩኝ። ወፍራሙ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዚያው ሊጥ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ወተት ይጨመርና ሰፋ ተደርጎ ይፈሳል፤ ውስጡ ማር ይቀባና ይጠቀለላል። ማለትም ከዘጠኙ ሙከራዎቼ አባባ ይበሉት ለነበረው በጣም የሚቀርበው ያ እንደ ውኃ የፈሰሰው የመጀመሪያው ነበር።

እሑድ ጠዋት ትራሱን አላመጣሁም። ፎጣውንም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። አንድ ፓንኬክ ጠቅልዬ ታችኛውን ጫፍ በወረቀት አጥፌ ለአባባ ይዤ ገባሁና «ይኸው» ብቻ አልኳቸው። ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ግራ እጃቸውን አልጋው ራስ ላይ ደግፈው ተነሡ፤ እንዳልደግፋቸው በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። መስኮቱ ጋ ደርሰው ደፉን ያዙና ቆሙ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚደፋ ነገር ግን አልነበረም። መኪኖቹን እያዩ ጨረሱት። ከዚያ ሌላ ግማሽ። «ዳሩን ትንሽ አሳርረሽዋል» አሉኝ፤ ከሆስፒታል ወዲህ ያሰሙኝ የመጀመሪያው ስሞታ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ።

ከዚያ ጀምሮ ሁሉንም ምግብ በእጅ የሚያዝ አደረግሁት። እንቁላሉም ሥጋውም በዚያው ፓንኬክ ይጠቀለላል። ልብስ ሰፊዋ ቀን ቀን ታሞቅላቸዋለች፤ «ሹፌሩ ተራ ያዘ» እያለች ትስቃለች። በዓርቡ አርባ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ ሆኑ። ሦስት መቶ ግራም ጨምረዋል። ደስታዬን ለማንም መንገር አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አንቺ እንደምታውቂው ቀድሞውኑ ሃምሳ ነበሩ። «ሃምሳ ነጥብ አምስት» አልኩሽ። ውሸቱ ይህንን ወሰደብኝ፤ አባባ እያገገሙ መሆኑን እንኳ ልነግርሽ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ከትናንት በስቲያ ልምጣ። አባባ ሚዛኑ ላይ ወጡ፤ አርባ ዘጠኝ ነጥብ አራት። ስጽፍ ከላዬ ሆነው «እህ፣ ዛሬስ ስንት ልትያት ነው?» አሉኝ። እስክሪብቶዬ ቆመ። «ምኑን አባባ?» አልኩ። «ግድግዳው ስስ ነው» አሉ። «ሚዛኑ ላይ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ የታመመው ሳንባዬ እንጂ ዓይኔ አይደለም።» ያኔ ስልኩ ጠራ። አላነሣሁትም። እየጠራ ሳለ ሳቅ መጣባቸው፣ ሳሉም አብሮ። «ዕድሜዬን በሙሉ የመኪና ሚዛን ጣቢያ ስሰለፍ ኖሬያለሁ» አሉ፤ «ጭነት የሚያሳንስ አጭበርባሪ ስንቱን አይቻለሁ። ያልተጫነ የሚጨምር ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።» ስልኩ ዝም ብሎ እንደገና ሲጠራ ሳቃቸውን ተዉ። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው» አሉኝ። «እኔን ሳትጠይቁ ተስማማችሁ፣ እኔን ሳትጠይቂ ዋሸሽ። ሁለታችሁም እንደ ጭነት ነው የያዛችሁኝ። እኔ ጭነት ሳደርስ እንጂ ጭነት ሆኜ አላውቅም።»

ለእሳቸው ብዬ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሰበብ ፈልጌ አጣሁ። እታለም፣ የዋሸሁሽ ለራሴ ነው። ማታ በሩን ስከፍት ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ የማልሰማበትን ቤት ላስበው ስላልቻልኩ ነው። አንቺ ባልና ልጆች አሉሽ፤ ይህን ቅሬታ አድርገሽ አትውሰጂው፣ እውነቱ ስለሆነ ነው የጻፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወጣኝም፤ ድምፅሽን ብሰማ አሁንም ቁጥሩን እለውጠው ነበር። ወረቀት ላይ የጻፍኩትን ግን ለውጬ አላውቅም።

ስለዚህ ትክክለኛውን ያዢ፦ አርባ ዘጠኝ ነጥብ አንድ፣ አርባ ስምንት ነጥብ ስድስት፣ አርባ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ፣ አርባ ዘጠኝ ነጥብ አራት። አራቱም ከሃምሳ በታች ናቸው። ውላችን እንደተጻፈው ከሆነ አባባ ከሦስት ሳምንት በፊት አንቺ ዘንድ መሆን ነበረባቸው፤ ልትወስጃቸው ብትወስኚ ቃሌን ጠብቄ አልከራከርሽም። ያለፉት ሁለት ሳምንታት ወደ ላይ መሄዳቸውን እንደ መከራከሪያ አላቀርበውም፤ እንደ ውጤት ብቻ አስቀምጬዋለሁ። ከእኔ የምታገኚው ቁጥር ከእንግዲህ እምነት እንደሚጎድለው አውቃለሁ፤ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አላምነውም ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና ምን ልጨምር ብዬ ጠየቅኋቸው። አስበው እንዲህ ጻፊላት አሉ፦ «መሄዱን አልጠላሁም፤ የልጅ ልጆቼን ማየት እፈልጋለሁ። ግን ማንም ጭኖ አይወስደኝም። እሷ ራሷ ትምጣ፣ ፊት ለፊቴ ትቁምና ትጠይቀኝ፤ የዚያን ጊዜ መልሴን እሰጣታለሁ።» መልሳቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አንቺን ማን ጠየቀሽ» አሉኝ። እኔም አላወቅሁትም፣ እታለም። ይህ ደብዳቤ በመንገድ ላይ ሳለ ሁለት ዓርብ ያልፋል። በሁለቱም ስትደውዪ ስልኩን የሚያነሡት አባባ ናቸው፤ ቁጥሩንም አንብበው የሚነግሩሽ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ ያን ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ቤት እሆናለሁ።

ባለቤትሽን በአክብሮት ሰላም በይልኝ፤ በእኔ ምክንያት ከተቆጣሽ የሚደርስበት እሱ ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ለሂሳብ ፈተናዋ ያልኳት ነገር ሁሉ አሁንም ልክ ነው፣ አክስቷ ግን ልክ አልነበረችም። ትንሹን ደረቱን አሙቂለት፤ ያስል ከነበረ ዝም ብለሽ አትለፊው። አማትሽንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። አባባ ደግሞ አሁን ነቅተው «እኔም ሰላም ብያታለሁ በይ፣ ስትመጣ ወንበር እንዳታቀርብልኝ» ይላሉ።

የምትወድሽ፣ የበደለችሽም፣
ታናሽ እህትሽ

ከአባባ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን